የአጥቢያ ኮከብ ምስክሮች

አንድን ነገር «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለ ሰው ክርክሩን የጨረሰ ይመስለዋል። ፎቶግራፍ ያነሳማ ከዚያም ይበልጥ ይኮራል፤ ካሜራ አያዳላ፣ ጉቦ አይበላ! በችሎትም ሆነ በቡና ላይ ወግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደመጠው የዓይን እማኝ ነው። ለመሆኑ ይህ ክብር ለማን ይገባል? ላየው ዓይን ነው? ለቀረጸው መሣሪያ ነው? ወይስ ለሌላ ነገር? ጥያቄውን በመንደር ነገር ብመረምረው ወገንተኝነት እንዳይገባበት ስለምሰጋ፣ ማንም ዘመድ የሌለው ነገር መርጫለሁ። እርሱም በጣም በሚቀርበን ጊዜ እንኳ 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል።

አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ኮከብ ሳትሆን እንደ ምድራችን ፀሐይን የምትዞር ፕላኔት ናት። የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምታበራው የፀሐይን ተቀብላ ነው። ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ስለሆነች በ584 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፋለች። ያን ጊዜ ለእኛ እጅግ ትቀርባለች፤ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ሳለች ከምትታየን ስድስት እጥፍ ያህል ትሰፋለች። ዳሩ ግን ብርሃን ያረፈበት ፊቷ ወደ ፀሐይ የዞረ ነውና ለእኛ የሚተርፈን እንደ ማጭድ የቀጠነ ጠርዝ ብቻ ነው። በጣም በቀረበችን ጊዜ በጣም ጥቂቱን ታሳየናለች ማለት ነው።

ይህችን ማጭድ በየካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፀሐይ ጨርሳ ከጠለቀች በኋላ፣ በተራ የእጅ መነጽር አይቻታለሁ። መነጽሩን ያቀበልኩት ጎረቤቴ ግን «ይቺማ ጨረቃ ናት» ብሎ ሞገተኝ። እውነተኛይቱ ጨረቃ ግማሽ ሆና ወደ አናታችን ግድም ነበረች። ዓይኑ ያየው ትክክል ነው፤ ስም ያወጣለት ግን ልማዱ ነበር።

ከዚያ ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ፣ በመጋቢት 14 ቀን፣ ቬነስ ከፀሐይ በ8 ዲግሪ ያህል ርቃ አለፈች። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ ሁለቱን አንድ ላይ ሊጋርዳቸው ይችላል። ቴሌስኮፕን ወደዚያ ማዞር የዋዛ ነገር አይደለም። በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ላይ ቢያርፍ በቅጽበት ሊያሳውር ይችላል፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ሕመም አይሰማውምና ሰውየው ጉዳቱን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ፀሐይን በሕንጻ ወይም በሌላ ከለላ ጋርደው፣ በዓይናቸው ቦታ ካሜራ ይተካሉ። ሰማዩ በቀን የሚረጨውን ሰማያዊ ብርሃን ለመቀነስም ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይገጥማሉ።

ካሜራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ይቀርጻል። አየሩ በጋለ ምጣድ ላይ እንዳለ ስለሚርገበገብ አብዛኞቹ የተንሻፈፉ ናቸው። ኮምፒዩተር ከመካከላቸው የተሻሉትን መርጦ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ ይደርብና አማካያቸውን ያወጣል። 400 ምስሎች ቢደረቡ በአጋጣሚ የገባው ብዥታ ወደ ሃያኛ እጅ ይወርዳል። በመጨረሻ የምናየውን ምስል እንግዲህ ማንም ዓይን በአንዲት ቅጽበት አላየውም። ታዲያ ይህ እውነት ነው ወይስ ሰው የሠራው ሥዕል?

እኔ እውነት ነው እላለሁ። መደረብ መፍጠር አይደለም። በአንዱ ምስል ብቻ ያለው ድንገተኛ ነገር ይጠፋል፤ በሁሉም ውስጥ ያለው ይጸናል። ሆኖም አንድ እርምጃ ይቀራል። የተደረበው ምስል ጠርዙ ደብዛዛ ስለሆነ በኮምፒዩተር ይሳላል። ስለቱ ሲበዛ በፕላኔቷ ጠርዝ ላይ በሰማይ የሌለ የብርሃን መስመር ይወለዳል። አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እዚያው ጠርዝ ላይ እውነተኛ የብርሃን መስመርም አለና! ቬነስ ለፀሐይ እጅግ በቀረበች ጊዜ ከባቢ አየሯ ብርሃኑን በትኖ የማጭዷን ቀንዶች ያረዝማል፤ አልፎ ተርፎ ክብ ቀለበት ያደርጋቸዋል። ይህን ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1866 የአሜሪካው የዬል መምህር ቼስተር ላይማን ያለ ካሜራ አይቶታል። እንግዲህ እውነቱና ሐሰቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ምስሉን ብቻ አፍጥጦ በማየት አይለዩም።

«ካሜራውን ትተን ወደ ዓይን እንመለስ» የሚል ቢኖር ደግሞ የሪቾሊን ታሪክ ልንገረው። ጣሊያናዊው ሪቾሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ብርሃን ባልነካው የቬነስ ገጽ ላይ አመድማ ፍካት አየሁ አለ። ከእርሱ በኋላም በየዘመኑ ብዙ ተመልካቾች እንደዚሁ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ፓርከር የተባለችው መንኮራኩር 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚግለውን የቬነስን ምድር የሌሊት ፍካት በአቅራቢያዋ ስታልፍ ቀርጻለች። ይህ ግን ሪቾሊ ከምድር ያየው እርሱን ነው አያሰኝም፤ የእርሱ ፍካት ዛሬም አከራካሪ ነው። እነዚያ ሰዎች ዋሹ አልልም። ቅንነት ብቻውን ግን ምስክርነትን አይሞላም።

ታዲያ የሚሞላው ምንድን ነው? መልሱን የማገኘው ከጋሊሊዮ ታሪክ ነው። እርሱ የቬነስን መጉደልና መሙላት እንዳየ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1610 ፊደላቱ በተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገር ደብቆ ላከ፤ ፍቺውን የገለጠው በጥር 1611 ነው። ቬነስ ስትጎድል ትሰፋለች፣ ስትሞላ ታንሳለች፤ ይህ ደግሞ ፀሐይን ካልዞረች አይሆንም። በዚያው ዓመት በሮም የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የነበሩት ሊቃውንት በራሳቸው ቴሌስኮፕ ተመልክተው ነገሩ እውነት መሆኑን መሰከሩ። አለቃቸው ክላቪየስ ምድር ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ የማይቀበል ሰው ነበር። ግን ያየውን አየሁ አለ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ መደምደሚያው የማይጥመው ሰው መረጃውን አልካደም።

እነዚያ ሊቃውንት ከመረጃው በላይም አልሄዱም። የቬነስ መጉደልና መሙላት ጥንታዊውን የበጥሊሞስን ሥርዓት ያፈርሳል፤ ምድር ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ቬነስ ፀሐይን፣ ፀሐይ ደግሞ ምድርን ትዞራለች ከሚለው ከቲኮ ብራሄ ሐሳብ ጋርም ይስማማልና።

ይህ ሁሉ ለሰማይ ተመልካቾች ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ካሜራ አለ። የአንዱ አገር ፍርስራሽ የሌላው ነው ተብሎ ይሰራጫል፤ ያልሞተ ሞተ፣ የሞተው አልሞተም ይባላል። አሁን ደግሞ ጭርሱን ያልነበረ ፊት ይሠራል። በዚህ የተማረሩ ብዙዎች «ሁሉም የተቀነባበረ ነው» ብለው አርፈዋል። ይህ ብልህነት ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ውሸታሙን ነው። ሁሉም ሐሰት ከሆነ፣ ልጇ የተገደለባት እናት የያዘችው እውነተኛ ፎቶግራፍም ዋጋ የለውም ማለት ነውና።

ስለዚህ ምስክርን የምመዝነው «አይተሃል ወይ?» ብዬ ብቻ አይደለም፤ «መቼ፣ ከየት፣ በምን አየህ? ምን መረጥክ፣ ምን ጣልክ? ያልሳልከውንስ ምስል ታሳየኛለህ ወይ?» ብዬ ነው። መንገዱን ለተጠራጣሪው የሚከፍት እርሱ ምስክር ነው። ተጠራጣሪውም ግዴታ አለበት፤ መንገዱ ሲከፈትለት መሄድ፣ ያገኘው ባይጥመውም እንደ ክላቪየስ መናገር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋትስ ማንንም ሳይጠብቅ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚያጠሩት ሰዎች ይፈልጋል።