መልህቅና ሰንሰለቱ፦ ልብ ሲደርቅ መጸለይ ግብዝነት ነውን?



በአንድ የጾም ወቅት፣ በገጠር ቁምስና ለብዙ ዓመታት ትምህርተ ክርስቶስን ያስተማሩ አንድ አዛውንት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው፣ «አባ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልቤ ደርቋል። መቍጠሪያዬን እደግማለሁ፤ ከቅዳሴም አልቀርም፤ ሕፃናቱንም አስተምራለሁ። ነገር ግን ምንም አይሰማኝም። እንዲህ ሆኜ መጸለዬ እግዚአብሔርን መሸንገል አይሆንብኝም? ብተወው አይሻልም?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያን ሰዓት የሰጠናቸው መልስ አጭርና ደካማ ነበር። ጥያቄው ግን ከኅሊናችን አልወጣም፤ በልባቸው ይዘውት አፍ አውጥተው የማይጠይቁ ብዙዎች እንደ ሆኑ እናውቃለንና።

ቅዱስ መጽሐፍ ተስፋን የነፍስ መልህቅ አድርጎ ያሳየናል (ዕብ. 6፥19)። የጥንት ክርስቲያኖችም በሮም ከተማ በምድር ውስጥ ባሉት መቃብሮቻቸው ላይ የመልህቅን ምልክት ቀርጸዋል። ከባሕር ርቀን በደጋ የምንኖር ብዙዎቻችን ግን መልህቅን የምናውቀው በሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ ምሳሌውን በሚገባ ለመረዳት፣ መልህቅ ታላቅ መርከብን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድመን እንመልከት።

ከጦር መርከቦች ሁሉ ታላላቅ ከሚባሉት መካከል «ኒሚትዝ» በሚል ስም የሚጠሩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ይገኛሉ። የአንዱ ርዝመት ከ330 ሜትር ይበልጣል፤ ክብደቱም ወደ 100,000 ቶን ይጠጋል። እንዲህ ያለው መርከብ ሁለት መልህቆች አሉት፤ እያንዳንዱም 27 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህ ለሰው ዓይን እጅግ ከባድ ነው፤ ከመርከቡ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ግን ከሦስት ሺህ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህን ያህል ብረት ያንን ተንሳፋፊ ተራራ በነፋስና በማዕበል መካከል እንዴት ሊይዘው ይችላል?

ምሥጢሩ ያለው በሰንሰለቱ ዘንድ ነው። ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ብቻ 160 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል፤ ሰንሰለቱ በሙሉ ሲመዘንም ከመልህቁ ይበልጣል። መርከበኞች መልህቅ ሲጥሉ ሰንሰለቱን በባሕሩ ጥልቀት ልክ ብቻ አይለቁትም፤ እንደ ልማዳቸው የጥልቀቱን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይለቁታል እንጂ። በዚህም ምክንያት የሰንሰለቱ ብዙ ክፍል በባሕሩ ወለል ላይ ይጋደማል። ሰንሰለቱ አጭር ቢሆን መርከቡ በተናወጠ ቍጥር መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ይነቅለው ነበር። የተጋደመው ሰንሰለት ግን መልህቁ ወደ ጎን ብቻ እንዲሳብ ስለሚያደርገው፣ ጥርሶቹ በተሳቡ መጠን ወደ መሬቱ ጠልቀው ይገባሉ። ማዕበል ሲመታም ሰንሰለቱ ከወለሉ ጥቂት በጥቂት እየተነሣ የማዕበሉን ጉልበት ያበርዳል፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል ተመልሶ ይተኛል። ከመርከቡ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ አይታይም።

እንግዲህ ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። መልህቃችን ክርስቶስ ነው፤ እርሱን የሠራነው እኛ አይደለንም። በየዕለቱ የምናደርሰው ጸሎት፣ በየሳምንቱ የምንሳተፈው ቅዳሴ፣ ያለ ምስጋና የምንፈጽመው አገልግሎት ግን በጸጋው እየተረዳን ቀለበት በቀለበት የምንለቀው ሰንሰለት ነው። ስሜት በባሕሩ ገጽ ላይ እንዳለ የአየር ጠባይ ይለዋወጣል። እኒያ አባት ጣዕም ያጡበት መቍጠሪያ፣ ለእርሳቸው የሞተ ብረት መስሎ ይታያቸው እንጂ፣ በኀዘናቸው ማዕበል ተነቅለው እንዳይወሰዱ የያዛቸው እርሱ ነበር።

ይሁን እንጂ፣ «ጌታችን በከንፈራቸው የሚያከብሩትን፣ በልባቸው ግን የራቁትን ሰዎች ወቅሶ የለምን?» የሚል ይኖራል (ማቴ. 15፥8)። ይህን ተግሣጽ ማለዘብ አይገባንም። ነገር ግን ልብ ማለት በቅዱስ መጽሐፍ አነጋገር ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያስብበትና የሚወስንበት የውስጥ ማንነቱ ነው። እውነተኛውን ግብዝነት ለማየት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም የተጓዘባትን መርከብ እናስታውስ። በዐሥራ አራተኛው ሌሊት መርከበኞቹ ከዓለት ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልህቆች ጣሉ፤ እስኪነጋም ናፈቁ። ከዚያ በኋላ ግን ከመርከቡ ፊት ሌላ መልህቅ የሚጥሉ መስለው፣ ለማምለጥ ታንኳይቱን ወደ ባሕር አወረዱ። ጳውሎስም እነዚያ ሰዎች በመርከቡ ካልቀሩ ሌሎቹ ሊድኑ እንደማይችሉ ለመቶ አለቃው አስታወቀ (ሐዋ. 27፥27-32)።

ሁለቱን አድራጎቶች እናስተያይ። በፍርሃትና በጨለማ ሆነው አራቱን መልህቆች ሲጥሉ ደስታም መጽናናትም አልነበራቸውም፤ ይህን ግን ማንም ግብዝነት አይለውም። ግብዝነታቸው የተገለጠው መልህቅ መጣልን ለመሸሻ መሸፈኛ ባደረጉ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኅሊናችንን ስንመረምር ልንጠይቅ የሚገባን «ምን ይሰማኛል?» ብለን ሳይሆን «ታንኳ እያወረድሁ ነውን?» ብለን ነው። ልቡ ደርቆ ሳለ እግዚአብሔርን ፈልጎ የሚንበረከክ ሰው ግብዝ አይደለም። በጸሎቱ ብዛት ተከልሎ የበደለውን ወንድሙን ከመታረቅ የሚሸሽ ግን፣ ዕንባው ቢፈስስ እንኳ፣ ከነዚያ መርከበኞች ጋር ይቆጠራል።

እኅቶቿ በአዲስ አበባ ድኾችንና ሕሙማንን ሲያገለግሉ የምናውቃት የካልካታዋ ቅድስት ተሬዛ ለዚህ ምስክራችን ናት። ባረፈች በ10 ዓመቷ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተሙት ደብዳቤዎቿ ለ50 ዓመታት ያህል በውስጧ ጨለማ እንደ ነበረ ገልጠዋል። እርሷ ግን ጸሎቷንም ድኾቿንም አልተወችም። ቤተ ክርስቲያንም ይህን እያወቀች በ2016 እ.ኤ.አ. ቅድስናዋን አወጀች።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ደግሞ እንጨምርላችሁ። መርከበኞች መልህቅ ከጣሉ በኋላ አይተኙም፤ በየብስ ያሉትን ምልክቶች በየጊዜው እየለኩ መርከቡ አለመንሸራተቱን ይመረምራሉ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ልማድ ሰንሰለቱ 27 ሜትር ያህል በሚረዝሙ ክፍሎች የተቀጣጠለ ሲሆን፣ ከመጨረሻው አስቀድሞ ያለው ክፍል ቢጫ፣ የመጨረሻውም ቀይ ይቀባል፤ ይህም ሰንሰለቱ ሊያልቅ መሆኑን ያስጠነቅቃል። የሰውም ብርታት እንዲሁ መጨረሻ አለው። ኀዘኑ ከዐቅሙ በላይ የሆነበት ወንድም ወደ እናንተ ሲመጣ «ጸልይ» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱት። አብራችሁት ተቀመጡ፤ ወደ ካህኑ፣ ሲያስፈልግም ወደ ሐኪም አድርሱት። ለብቻው እንዲታገል መተው የእምነት ብርታት አይደለምና።

ለእኒያ አባት በዚያን ቀን ልንላቸው ይገባን የነበረው ይህ ነው፦ «አባቴ፣ መቍጠሪያዎን አይተዉት፤ የሚሰማዎትንም ድርቀት አይደብቁት፤ እርሱን ራሱን ጸሎት አድርገው ያቅርቡት»። የመርከብ መልህቅ ወደ ማይታይ ጥልቀት ይወርዳል፤ የእኛ መልህቅ ግን ጌታችን ስለ እኛ ወደ ገባበት ወደ መጋረጃው ውስጥ ይገባል። በቅዳሴያችን ጊዜ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት ስንቆም ከውስጥ ያለውን ሁልጊዜ አናይም፤ ቢሆንም በዚያ ያለው ማን እንደ ሆነ አውቀን እንቆማለን። በዚህ መቆም እንድንጸና ቸሩ አምላካችን ይርዳን። አሜን።