ጥበብ በመጫወቻ ላይ ብትደክም ከንቱ ናትን?

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ሲሉ እንሰማለን፦ «አእምሮ ለሰው የተሰጠው ለእርሻና ለሕንፃ፣ ለመድኃኒትና ለመጽሐፍ ነው እንጂ የልጆችን መጫወቻ ለማሻሻል አይደለም፤ በዚህ ዓመታትን የፈጀ ሰው ዘመኑን በከንቱ ጨረሰ።» ይህ አሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት የጭምት ሰው አሳብ ይመስላል። እኛ ግን በአንድ ምሳሌ ልንመረምረው ወደድን።

በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ግዛት ሸርማን ፖፐን የሚባል መሐንዲስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በልደት ቀን፣ ሴቶች ልጆቹን ለማስደሰት ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አያይዞ አንድ አደረጋቸው። ልጆቹም በላዩ ቆመው በበረዶው ቁልቁለት ወረዱ። ኋላም ጄክ በርተን የተባለ ሰው ከ1977 ጀምሮ የእግር ማሰሪያ እየጨመረ አሻሻለው፤ በ1998ም በክረምት ኦሎምፒክ መወዳደሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በረዶ የማይወርድበት ከተማስ? ስቲን ስትራንድ የሚባል ንድፍ አዋቂ በ1990ዎቹ ዓመታት ለሳን ፍራንሲስኮ ዳገታማ ጎዳናዎች በአስፋልት ላይ እንደ በረዶ የሚንሸራተት ጣውላ ለመሥራት ተነሣ። የተለመደው ባለ አራት መንኰራኵር ስኬትቦርድ ቁልቁለት ሲይዘው ፍጥነቱ እየበረታ ይሄዳል፤ የሚያቆመውም የጋላቢው ጫማ ወይም ውድቀቱ ነው። ስትራንድ በአራቱ መካከል ሁለት ሌሎች መንኰራኵሮች ጨመረ። እነዚህ እንደ ቢሮ ወንበር እግር በየአቅጣጫው የሚዞሩ፣ በዳር ካሉትም ጥቂት ዝቅ ብለው የተተከሉ ናቸው። ጋላቢው ክብደቱን በመካከል ሲያኖር ጣውላው እንደ ልቡ ይዞራል፤ ጣውላውን አግድም አዙሮ ወደ ዳገቱ ወገን ሲያዘነብል ግን የዳሮቹ መንኰራኵሮች አስፋልቱን እየፋቁ ፍጥነቱን ይሰብራሉ። ወደ ቁልቁለቱ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ ወዲያው ይወድቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማስሮጡን ቁልቁለቱ ራሱ ይሠራዋል። ብልሃት የሚጠይቀው ማቆሙ ነበር።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአዴት፣ እንዲሁም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ ልጆች ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው፣ ከጣውላ ሥር አያይዘው፣ በአስፋልቱ ቁልቁለት ይንደረደራሉ። ጩኸቱም ከሩቅ ይሰማል፤ ቀለም የሚያጠና ዲያቆን ምስክር ነው። ያ ልጅ ያለ አስተማሪ የጥበበኛ ሥራ ሠርቷል፤ ፍሬኑ ግን ባዶ እግሩ ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ በቆሎ የጫነ መኪና ይመጣል።

ጥያቄያችን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ፣ ሰውም ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። ሰገነት መሥራትን አልከለከለም፤ ወደዚያ የሚወጣውንም አልነቀፈም፤ የሠሪውን ኀላፊነት ግን ወሰነ። ስለዚህ ለመጫወቻ መግቻ ያበጀ ሰው ለሰገነት መከታ ካበጀው ጋራ ይቈጠራል እንላለን። መጫወቻው ትንሽ ቢሆን የሚሰበረው አጥንት ትንሽ አይደለምና። ጨዋታውንም ቢሆን ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር አደባባዮቿ በሚጫወቱ ልጆች እንደሚሞሉ ከበረከቷ ቈጥሮታል።

ደግሞስ እያፈረሱ ማሻሻልን ከእኛ ይበልጥ ማን ያውቀዋል? በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያደገ ሰው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ሲወጣ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያፈርስበታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ቃልን እንዲህ የሚያርመውን እያከበርን እንጨትና ብረትን የሚያርመውን መናቃችን የቈየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ከአፍ ቢጐድልም ከልብ ገና አልወጣም።

«ይከልከል፤ ያልቃል» የሚል አባት ይኖራል። የተከለከለ ልጅ ግን ጣውላውን ተሸክሞ አባቱ ወደማያየው ቁልቁለት ይሄዳል። በአዲስ አበባ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከመኪና መንገድ የተለየ የስኬትቦርድ መጫወቻ ሜዳ ተከፍቷል፤ ለአዴት እንዲህ ያለ ወጪ አንጠይቅም። ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ቁራጭ በጣውላው ኋላ ተያይዞ፣ እግር ሲጫነው አስፋልቱን እንዲፍቅ ማድረግ የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መኪና የማይገባበትን አንድ የሣር ዳር ቁልቁለት ለይቶ ማሳየት ደግሞ የነፍስ አባት እንኳ የሚችለው ነው፤ ልጆቹም ለመጀመሪያው ሙከራ እስኪጠሩ አይጠብቁም።