ከባቡሩ ጀርባ የትኛውን አገር እንሳል?



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መጫወቻ ባቡር መሆኑን ስታዩ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ቤት መነጋገር ሲገባን የልጆች ጨዋታ ምን አመጣው የምትሉም አትጠፉም። ይሁን እንጂ ጥቂት ብትታገሡን ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ትረዱልናላችሁ ብለን እናምናለን።

ልጆቻችን የሚያድጉት ባቡር በሚያልፍበት ከተማ ነው። ከቴል አቪቭ ወደ ሐይፋ የሚሄደው ባቡር በሐዴራ ምዕራብ በኩል ስለሚያልፍ፣ ልጅ የራሱን ትንሽ ባቡር ቢመኝ አያስደንቅም። ባቡሩ ይገዛል፤ ሐዲዱ በጣውላ ላይ ይዘረጋል፤ ጣውላው ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ባዶው ግድግዳ ያስጠላል፤ ባቡሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ልጁም «ከኋላው አገር ሳሉልኝ» ይላል። የትኛውን አገር?

አያት ጎንደርን ከነፋሲል ግንቡ ይላሉ። እናት ደግሞ «የምንኖረው ሐዴራ ነው፤ ባሕሩንና የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ሳሉለት» ትላለች። ልጁ ራሱ የሚፈልገው በባቡሩ ካርቶን ላይ ያየውን በረዶ የለበሰ የአውሮፓ ተራራ ነው፤ በሱቅ ታትሞ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ እሱው ነው። እኛ የታተመውን አንመክርም። ሥዕሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ ስለዚያ ተራራ ቢጠይቅ በቤቱ የሚመልስለት ሰው ስለሌለ ነው።

አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የማቀዝቀዣ ካርቶን ይበቃል፤ እንዳይጣመም በሁለቱም ገጽ ቀለም ይቀባል። ግድግዳው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ካርቶኑን ማጠፍ ሳይሆን ጎበጥ አድርጎ ማዞር ነው፤ ሰማይ ማዕዘን የለውምና። የሚያብለጨልጭ ቀለም አይሆንም፤ መብራቱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ሰማዩ ካርቶን መሆኑን ያሳብቃል። ሰማዩ ከላይ ጠቆር ብሎ ይጀምርና ወደ ታች እየነጣ ይሄዳል። ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር በልጁ ዓይን ቁመት ይሁን እንጂ በአባትየው ቁመት አይለካ። ከባዱ ሥራ የሩቁን ሩቅ አድርጎ መሳል ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ይገረጣል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። የሰሜን ተራሮችን የሚያውቁ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ገደልና እያንዳንዱን ጎጆ ጥርት አድርገው ካልሳሉ አገሩን የበደሉ ይመስላቸዋል። እንዲህ የተሳለ ተራራ ግን ወደ ፊት መጥቶ ባቡሩ ላይ የሚወድቅ ይመስላል።

መጠንም አለ። በብዙ አገር የተለመደው የቤት ባቡር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። በከተማችን የባሕር ዳርቻ ያለው የ«ኦሮት ራቢን» ማመንጫ ረጅሙ ጭስ ማውጫ 300 ሜትር ነው፤ በዚያ መጠን ቢሠራ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን ጣሪያውን በስቶ ላይኛው ጎረቤት ቤት ይገባል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሽንማ አይነሳ። ስለዚህ ትልቅ ነገር ሁሉ ትንሽ ሆኖ፣ ወደ ሩቅ ተገፍቶ ይሳላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ጎንደር ተስሎ ባቡሩ በግንቡ ፊት ሲያልፍ የሚያይ አንድ አጎት «ጎንደር የምድር ባቡር ሄዶ አያውቅም፤ ለልጅ ውሸት አታስተምሩ» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። የኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ እንጂ ወደ ጎንደር አልዞረም፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። በገጠር «ባቡር» ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚገባው የእህል ወፍጮው ነው። እናም አያቱን «እዚያ ባቡር ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ፣ «እንዴታ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ እህል ተሸክመን እንሄድ ነበር» ቢባል፣ አያትየው እውነት ተናግረዋል፤ ልጁም የሰማውን አምኗል፤ ነገር ግን ሁለቱ አልተገናኙም።

የአጎትየው ተቃውሞ ግን ይመዘን። ፎቶ ቤቶችን አስታውሱ። በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም፣ በትንንሽ ከተሞችም ፎቶ ቤቱ የተሳለ መጋረጃ ነበረው፤ አበባ፣ ፏፏቴ ወይም ደረጃ ያለው ትልቅ ቤት። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ከፊቱ ይቆማል። በዚያ ቤት ማንም አልተታለለም። የሚያነሳውም፣ የሚነሳውም፣ ፎቶው የሚላክለትም መጋረጃ መሆኑን ያውቃል። አሁን ደግሞ ከዚህ ከእስራኤል ወደ አገር ቤት የሚላከውን ፎቶ አስቡ። ወጣቱ የሌላ ሰው አዲስ መኪና ተደግፎ ይነሳል። መኪናው እውነተኛ ነው፤ መንገዱም፣ ፀሐዩም እውነተኛ ነው። ጎንደር ሆኖ ተራውን የሚጠብቀው ወንድም ግን ያን ፎቶ አይቶ «እንዲህ ተመችቶት ሳለ ለእኔ ያልላከው ቢጨክን ነው» ይላል። በመጋረጃው ላይ አንድ እውነተኛ ነገር አልነበረም፤ ማንንም ግን አላስቀየመም። በመኪናው ፎቶ አንድ ሐሰተኛ ነገር የለም፤ ወንድማማች ግን አቃቃረ።

ስለዚህ ባቡሩ በፋሲል ግንብ ፊት ቢያልፍ እኛን አይከፋንም። ልጁ ራሱ በእጁ አንስቶ ይመልሰዋል፤ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። የሚያሳስበን ከባቡሩ ይልቅ ከኋላው ያለው፣ እውነት የሚመስለውና ማንም የማይጠራጠረው ያማረ መንደር ነው።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባቶቻችን ግን ይህን ተረት ሐሰት አድርገውታል። በወለቃም፣ በአምቦበርም፣ በሌሎችም መንደሮች ተቀምጠው ያላዩአትን ኢየሩሳሌም ለልጆቻቸው በቃል ሳሉ፤ ሕዝቧ ነጭ የለበሰ፣ ክፋት የማይገባባት ከተማ አድርገው ሳሏት። በስግድ ቀን ተራራ ወጥተው ወደ እርሷ ጸለዩ። በዚያ ሥዕል ተስበው በ1980ዎቹ ብዙ ሺህ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። የደረሱት ያገኙት ግን ሌላ ነበር፤ ሰልፍ፣ ፎርም፣ የማይገባ ቋንቋ፣ አይሁድነታቸውን የሚጠራጠር ሰው ሳይቀር። ታዲያ አባቶቻችን ዋሹን? አልዋሹም እንላለን። የሳሉት ያላዩትን ነው፤ የሚያምኑትን ያህል ሳሉ፤ እያወቁ ከእኛ የደበቁት ነገር አልነበረም።

እኛ ዛሬ ጎንደርን ስንስል ግን የምንስለው ያየነውን ነው። ከሥዕሉ የጎደለው እያወቅን የተውነው ነው። በዚህ ምክንያት የእኛ ኃላፊነት ከአባቶቻችን ይከብዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከተራራው ሥር ቢጫ የጤፍ ማሳ ይሳላል፤ በእርግጥም ያምራል። ማሳው የማን ነው? እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የቤተ እስራኤል ሰው በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ ያርስ፣ ብረት ይቀጠቅጥ፣ ሸማ ይሠራ ነበር፤ ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር። ማሳው የታረሰበትን ማረሻ የቀጠቀጠው ሰው «ቡዳ» ይባል ነበር። ይህ ሁሉ በቢጫው ቀለም ውስጥ አይታይም። እንዲታይም አንጠይቅም፤ በሰባት ዓመት ልጅ መጫወቻ ላይ የክስ ማመልከቻ አይጻፍም። ነገር ግን ልጁ አንድ ቀን «አያቴ፣ የእናንተ እርሻ የቱ ነው?» ሊል ይችላል። «ይሄ ሁሉ» ካልነው ሥዕሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውሸት ሆነ። «የእኛ ቤት ያቺ ከወንዙ ዳር ያለችው ጎጆ ናት፤ እርሻው የሌላ ሰው ነበር» ካልነው ግን ያው ሥዕል አንድ ቀለም ሳይለወጥ እውነቱን ይናገራል።

ተቃራኒውም አለ። መከራውን ብቻ እየመረጡ የሚነግሩ ወላጆች ልጁን «ታዲያ ለምን ትናፍቁታላችሁ?» ወደሚል ጥያቄ ያደርሱታል፤ መልሱም ያስቸግራቸዋል። ምክንያቱም ይናፍቃሉ። ጠዋት ከጎጆው ጣሪያ ላይ የሚወጣው ጭስ፣ የወንዙ ድምፅ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል የነበረው ጸጥታ ውሸት አልነበረም።

ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የመጣችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ትዝታችሁ የተለየ ነው። ብዙዎቻችሁ በጎንደር ከተማ ወይም በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት ሆናችሁ ለዓመታት ጠብቃችኋል። የእናንተ ልጅ ጎንደርን ሲስል ባጃጅና የቆርቆሮ ጣሪያ ቢስል፣ እባካችሁ «ተራራውስ? ግንቡስ?» ብላችሁ አታርሙት። እሱ ያየውን ነው የሚስለው፤ እዚህ ከተወለደው የአክስቱ ልጅ ይልቅ ምስክርነቱ ይታመናል።

ከሁሉ የሚከብደው መሃሉ ነው። በግራ ጎንደር፣ በቀኝ ሐዴራ ቢሳል በሁለቱ መካከል ምን ይሁን? ባቡሩ በግማሽ ደቂቃ ይሻገረዋል። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ካምፖቹ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ይገኛል። በግንቦት 1991 ግን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተሻገሩ። እንግዲህ ለአንዱ ቤት መሃሉ በረሃ ነው፤ ለሌላው ደመና ነው።

እኛ ብንጠየቅ፣ በእግር በመጡ ቤተሰቦች ቤት ያ መሃል ሳይቀባ እንዳለ ቢተው እንመርጣለን። «ባዶ ቦታ ልጅ ያስጠይቃል» የሚሉ አሉ፤ የምንፈልገውም እንዲጠይቅ ነው። መቼ ይነገረው ለሚለው ዕድሜ አንቆርጥም። ለትንሽ ልጅ «ሩቅ ነበር፤ በእግራችን ሄድን፤ ሁሉም አልደረሱም» ማለት ይበቃዋል። የሞተችው እህት ስም ለኋላ ይቆይ ወይስ አሁን ይነገር የሚለውን ግን ጋዜጣ አይወስንም፤ እናት ናት የምታውቀው። ደግሞ ከፍ ያሉት ልጆች አማርኛ እየጠፋባቸው፣ ወላጆች ዕብራይስጥ እያጠራቸው፣ አንድ ማዕድ ላይ ዝም ብለው የሚበሉባቸው ቤቶች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ቤት በጣት ጠቁሞ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ሥራ ሥዕሉና ጣውላው የሚገናኙበትን መስመር መሸፈን ነው። በጣውላው ላይ ያለ መንገድ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ እንዲገባ አታድርጉ፤ ተሰብሮ ይታያል። ዛፍና ቤት ከፊት ይደረደራል። ለመሬቱ የቡና አተላ በፀሐይ በደንብ አድርቆ በሙጫ መበተን ነው፤ ካልደረቀ ይሻግታል። ለዛፉ ደረቅ ጭራሮና አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ስፖንጅ ይበቃል።

የዛፉን ዓይነት ከጠየቃችሁን ባሕር ዛፍ እንላለን። ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት አካባቢው ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አለቁ፤ ረግረጉን ለማድረቅም ባሕር ዛፍ ተተከለ። ይኸው ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተባለ ጎንደር ድረስ ተስፋፋ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በሁለቱም ቦታ መጤ ነበር። ስለዚህ በሥዕሉ ግራም ሆነ ቀኝ ቢቆም አጎትየውም አይቃወሙትም።

እውነተኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል ለዚህ መጠን ትልቅ ስለሆነ ለሥራው አይጠቅምም። ቢሆንም ልጁ ከመንገድ ዳር ጥቂት ለቅሞ ያምጣ። አገር ቤት ጉንፋን ሲይዝ የሚታጠኑበት ቅጠል ነውና አያት ጨምቀው ሲያሸቱት ወሬ ይጀምራሉ። ሙጫው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ስለሚፈጅ ባቡሩ በዚያ ምሽት ባይነዳ ይሻላል።