የልጄ ጸሎት መሐል ላይ ሲቋረጥ

በጸሎት ላይ ቀልቡ የሄደበት ሰው ይጠየቅበታል ወይ? አባቶች ሲመረምሩት የኖሩት ነገር ነው፤ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም በጸሎት ጊዜ ስለሚባክን ሐሳብ ብዙ ይመክራል። ወደ ቤቴ ጥያቄውን ያመጣችው ግን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት።

ማታ አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም፣ የዕለት እንጀራ የምንለምንበት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቁርጥ ይላል። አትወድቅም፣ አትንፈራገጥም። ዓይኗ እንደተከፈተ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፣ የያዘችው የጸሎት መጽሐፍ ከእጇ ይላላል። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች፤ አንዳንዴ ካቆመችበት፣ አንዳንዴ ዘላ። አያቷ «ቀልብሽን ሰብስቢ እንጂ ልጄ፣ በእግዚአብሔር ፊት እኮ ነው የቆምሽው» ይሏታል። ከትምህርት ቤትም «ትኩረት ይጎድላታል» የሚል ማስታወሻ መጣልን።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ የአንጎልን ሞገድ ለሚመዘግበው ለኢኢጂ ምርመራ ስንሄድ ሹሩባዋን ፈታን። ሽቦዎቹ በማጣበቂያ ራሷ ላይ ከተለጠፉ በኋላ ሐኪሙ ቁራጭ ወረቀት አስይዞ ሳታቋርጥ እፍ እንድትልበት አዘዛት። ትንሽ እንደቆየች ወረቀቱ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ እስከዚያ ድረስ ጥቃቅን የነበሩት መስመሮች ሁሉም በአንዴ ተነሡ፤ ሹል፣ ቀጥሎ ክብ፣ ደግሞ ሹል፣ ደግሞ ክብ፣ በሰከንድ ሦስት ጊዜ። በዚያው መሐል ሐኪሙ «ብርቱካን» አላት። መስመሮቹ ሲረጋጉ ልጄም እፍ ማለቷን ቀጠለች። «ቅድም ምን አልኩሽ?» ቢላት ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ቃሉ አጠገቧ ተነግሯል፣ ጆሮዋ ደህና ነው፤ የተነገረውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ግን በዚያች ሰዓት አልነበረም።

ሕክምናው አብሰንስ ይለዋል፤ ማንንም ባይጥልም ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ነው። ታላመስ የተባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍልና ውጫዊው ሽፋን እየተቀባበሉ አንድ ዓይነት ምት ብቻ ይመታሉ፤ ምቱ እስኪያበቃ ለሌላ ሐሳብ ፋታ አይኖርም። በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ጊብስና ሌኖክስ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ምት እ.ኤ.አ. በ1935 አሳውቀውታል።

ለኅሊና የልጄ ጸሎት የሚቋረጥበት ቅጽበት ቀላሉ ክፍል ነው። በዚያ አሥር ሰከንድ ውስጥ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ በሌለበት ደግሞ በደል የለም። የሚከብደው በአንዱ መቋረጥና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከውጭ ምንም ሳይታይ ለቅጽበት የሚነሣ ሞገድም መልስን ሊያዘገይ፣ የያዙትን ሐሳብ ሊያስጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ400 በላይ አብሰንስ ያለባቸውን ልጆች ተከታትሏል። ከሕመሙ መድኃኒቶች ቫልፕሮኤት የተባለውን የወሰዱት ልጆች ኢቶሰክሲማይድ የተባለውን ከወሰዱት ይልቅ ትኩረታቸው ተጎድቶ ተገኘ፤ በኋላ በተደረገው ክትትልም ሕመሙ በመድኃኒት ከቆመላቸው ልጆች መካከል የትኩረት ችግሩ ያልለቀቃቸው ነበሩ። እንግዲህ ልጄ ነቅታ፣ እየሰማችኝ፣ ልጸልይ ብላ ፈልጋ እንኳ ቀልቧ ሙሉ ላይሆን ይችላል። መቼ እንደሰነፈች፣ መቼ እንዳቃታት እኔ እናቷ መለየት አልችልም። እሷም ራሷ አታውቀውም። ታዲያ ከእኛ ማን ነው ፈራጁ?

ቀልብን የነፍስ ጉዳይ ብቻ አድርገን መናገራችን ልክ አይመስለኝም። ጾምንና ስግደትን የሠራች ቤተ ክርስቲያን ሥጋ በጸሎት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ታውቃለች። ጉልበቱ የታመመን ሰው ስገድ ብለን አናስጨንቀውም፤ ባለበት ሆኖ ያድርስ እንላለን። ትኩረቱ ለታመመስ ያው ርኅራኄ ስለ ምን ይነፈገዋል? ጉልበት ሲያብጥ ስለሚታይ፣ አንጎል ሲቸገር ስለማይታይ ብቻ ነው።

አያቷ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ያነሡብኛል፤ ክፉ መንፈስ የሚጥለውን ልጅ ታሪክ። ወንጌሉን እንደተጻፈ አምናለሁ። ነገር ግን ጌታ አባትየውን ምን ብሎ እንደጠየቀው እንይ፦ ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ነው የጠየቀው። ማን እንደበደለ አልጠየቀም። የገሠጸውም መንፈሱን እንጂ ልጁን አይደለም። ይህንን ለአያቷ ስነግራቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉና «እውነትሽን ነው» አሉኝ። ጸበልም እንወስዳታለን፣ መድኃኒቷም አብሮን ይሄዳል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል፤ ለዚህኛውም ሕመም ያው ምክር ከየዐውደ ምሕረቱ ቢሰማ ምኞቴ ነው።

መምህራን፣ የንስሐ አባቶች፣ ወላጆች ሆይ፤ በንባብ ወይም በጨዋታ መሐል ቁርጥ ብሎ የሚፈዝ ልጅ ካያችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ስሙን ጥሩት፣ ክንዱን ነካ አድርጉት። ካልመለሰላችሁ በስልካችሁ ቅረጹትና ለሐኪም አሳዩ። መድኃኒት የጀመረውን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታስቋርጡት፤ በድንገት ማቆም ከቀድሞው የባሰ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል።