በስም የሚታሰቡ ሙታን
የካቲት 12 ስድስት ኪሎ በሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን የተጨፈጨፉት ሁሉ በአንድነት ይታሰባሉ። ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። በወሎዋ መካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ሙት የሚታሰበው በስሙ ነው፤ በአርባው ቀን ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠርቶ ፍትሐት ያደርስለታል፣ ሙስሊሙ ቤተሰብም ሰደቃ አውጥቶ ዱዓ ያስደርግለታል። አስከሬኑ ጦር ሜዳ የቀረ ወታደር ግን ብዙ ጊዜ ከጀግኖች ጋር በጅምላ ይታለፋል።

«ፈጣሪ ሁሉንም ያውቃል፣ የእኛ መጥራት ምን ይጨምራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ያውቃል። ስሙን የምንጠራው ግን የማን ልጅ፣ የማን አባት እንደነበረ እኛው እንዳንረሳ ነው። ተዝካር ድሃውን ዕዳ ውስጥ ይከታል የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብደኛል። እንግዲያው ድግሱ ይቅር፤ ንፍሮ ይበቃል። የካቲት 12 ቀን ግን በየቀበሌው በጦር ሜዳ የወደቁት ስም አንድ በአንድ ይነበብ፤ እናቶቻቸውም ቆመው ይስሙ።