የተጀመረ ወር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም በተቅዋ አደራ እላለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለሚንበር ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ወሩ ሳያልቅ ቤት ስለሚለቅ ተከራይ ነው። አብዛኞቻችን ወይ ተከራይ ነን፣ ወይ አንዲት ክፍል አከራይተን የምንኖር። በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እየሰገድን፣ የ12 ቀን ኪራይ ሳንተሳሰብ የተኳረፍን አለን። ሐቁን ንቀን አንለፈው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ለአረጋዊው ሲያድሩ ውላቸው 8 ዓመት ነበር፤ 10 ቢሞሉ ከራሳቸው በጎነት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ረጅሙን ጊዜ ፈጸሙ። በሱረቱል ቀሶስ ያለውን ይህን ታሪክ ዑለማዎች ለኢጃራ፣ ለቅጥርና ለኪራይ ውል፣ ማስረጃ ያደርጉታል። ኢጃራ አንዱ ወገን ደስ ባለው ቀን ብቻውን የሚያፈርሰው ነገር አይደለም። ቤት «በወር ይህን ያህል» ተብሎ ሲከራይ፣ ተከራዩ ገብቶ የተቀመጠበት ወር በሁለቱም ላይ ይጸናል ይላሉ የሐነፊ ፉቀሃዎች። ቤቱ ቢፈርስ የቀሪው ቀን ኪራይ ይወድቃል፤ የከበደ ዑዝር ያጋጠመውም የራሱ ሑክም አለው። የተሻለ ቤት አገኘሁ ብሎ በ10ኛው ቀን የሚወጣ ግን የጀመረውን ወር ይክፈል፤ አከራዩም በ10ኛው ቀን «ዕቃህን አውጣ» አይበል።

በሌሊት አይሱዙ አስቁሞ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ቁልፉን ሱቅ አስቀምጦ የሚጠፋስ? ቆጣሪው የጋራ ነው። የመብራቱ ሂሳብ እሱ ከሄደ በኋላ ይመጣል፤ የሚከፍሉት በአንድ ግቢ ቡና ያጣጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ጀናዛ ላይ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ እስኪሉ ድረስ፣ ከመስገድ ተቆጥበዋል። ተውበት በባሪያና በጌታው መካከል ያለውን ያብሳል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ይቅር እስኪል ይጠብቃል። እንግዲህ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ቆጣሪውን አንብቡ፤ ድርሻችሁንም አስረክቡ።

አከራዮች ሆይ! ለእናንተም ቃል አለኝ፤ ምናልባትም የሚከብደው የእናንተ ነው። ተከራዩ የወሩን 6,000 ብር ከፍሎ በ14 ወጣ እንበል። በ15 ሌላ ሰው አስገባችሁ፤ ከእሱም ተቀበላችሁ። አንዱን ሌሊት ለሁለት ሰው መሸጥ ይሆናል! የእኛ ወር ድፍን 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ሰበብ አይሰጥም፤ የቀኑ 200፣ የ16 ቀኑ 3,200 ብር ነው። (የጳጉሜን ኪራይ የማይጠይቅ አከራይ ሞልቷል፤ አላህ ይጨምርላቸው።) በውል የተጸጸተን ወንድሙን ያሰናበተ፣ አላህ በቂያማ ቀን መሰናክሉን እንደሚያነሳለት በሐዲስ መጥቷል። ቤቱ ወዲያው ከተያዘ ትርፉን መልሱ።

«በመተማመን ነው የገባነው» የሚለውን ንግግር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ የምሰማውም ሰዎቹ ከተጣሉ በኋላ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለመጻፍ የወረደ ነው። የአገሪቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያውንም ከ2 ወር አያሳልፍም። ስትዋዋሉ መልቀቅ ያሰበ ሰው መቼ እንደሚያሳውቅ፣ ቀድሞ የተከፈለውም እንዴት እንደሚመለስ አብራችሁ ጻፉ፤ ምስክርም አቁሙ።

ያ አላህ! የሰው ሐቅ በትከሻችን ተሸክመን ፊትህ ከመቆም ጠብቀን። ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቻችን በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ የኪራይ ክርክር ያላችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ፣ ውላችሁንና የባንክ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ። አቂሙ ሶላህ።