ዝምታ ውሸት ነውን?



ከናታንያ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ቤተሰቦች ስለ ፓስፖርትና ስለ ስጦታ ብዙ ያማክሩናል። ስለ መድኃኒት ሲሆን ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ይልቁንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲሆን።

አንዲት እናት ለአጎታቸው ለቅሶ ሊሄዱ ሲነሡ፣ ክኒኖቹን ከዕቃቸው አውጥተው በቪታሚን ጠርሙስ ጨመሯቸው። «እዚያ ሻንጣዬን ሁሉም ይከፍተዋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ መቼ የግል ሆኖ ያውቃል! ቀጥለው ግን «እኅት ወንድሞቼን ዋሸሁ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን።

በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱትን ደም ሳይነግራቸው ሲያስወግድ መቆየቱ በጋዜጣ ወጣ። በወሩ 28 ቀን በሺህ የሚቆጠር ወገናችን ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፎ ጮኸ። ያንገበገበን የደሙ መጣል ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነበር። ታዲያ ያኔ «ለምን ደበቃችሁን?» ያልን ሰዎች ዛሬ እንዴት እንደብቃለን? የሚሉን አሉ።

እኛ ግን ሁለቱን አንድ አናደርጋቸውም። ያኔ አንድ ድርጅት የሰውን ጉዳይ ከራሱ ከባለቤቱ ሰወረ። እኚህ እናት የሚሰውሩት የገዛ ሰውነታቸውን ነው። አብሯቸው በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ የሚጎዳ የለም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይገኝበት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አያስተላልፍም። በዚያው በ1996 የወጣው የእስራኤል የሕሙማን መብት ሕግም የሕመምተኛን ምስጢር ሐኪም እንዲጠብቅ ያዛል።

ያስቸገረን ጠርሙሱ ነው። የተዘጋ ቦርሳ ዝም ይላል፤ «ቪታሚን» የሚል ጽሑፍ ግን ይናገራል፣ የሚናገረውም ሐሰት ነው። የደከማት የእኅት ልጅ «ቪታሚን ከሆነማ ለእኔም» ብትልስ? እምቢ ቢሉ ንፉግ ሊባሉ ነው፤ ቢሰጡ ደግሞ የሰው ጤና ነው። እሳቸው ራሳቸው ቢታመሙ ሐኪሙ ምን እንደሚወስዱ በምን ያውቃል? ጉምሩክ ቢጠይቅስ? ሻንጣው ዘግይቶ መድኃኒቱ ቢቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል።

ስለዚህ ክኒኖቹ ወደ ስማቸው ወዳለበት ዕቃ ተመለሱ። የኩፓት ሖሊም ሐኪማቸው የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው፤ ለጥቂት ተጨማሪ ቀናት የሚሆንም ያዙ። ሁሉም በምትዘጋ ትንሽ ቦርሳ ሆኖ ከእጃቸው እንዳይለይ ተስማማን። ሰዓቱንም አብረን ቆጠርን፦ ናታንያ ላይ ማታ በ8 የሚወሰደው ጎንደር ላይ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ በእስራኤል የክረምት ሰዓት ደግሞ 3።

ሲመለሱ ለታናሽ እኅታቸው ብቻ ነግረው መምጣታቸውን አጫወቱን። ለምን እሷን እንደመረጡ አልጠየቅናቸውም።